ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ እጄ ውስጥ 10 ብር ተከተተልኝ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

የደሴዋ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁም። ይሄን ልጻፈው ይቅር እያልኩ ሳምንት ሞላኝ፣ ዛሬ ግን ካላወጣሁት የሚለቀኝ አይመስለኝም። ስለሚረዝም ታገሱኝ።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ግራ እግሬን የጎዳኝ ፖሊዮ ነው፣ ሁለት ዓመት ከምናምን ሆኖኝ። ትኩሳቱ ሲይዘኝ እናቴ ፀበል ነው ይዛኝ የሄደችው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ "ለክፏት ነው" ይላት ነበር፣ ሐኪም ያየኝ እግሬ ከሰለለ በኋላ ነው። መናገሻ ቼሻየር፣ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ማገገሚያው፣ ሄጄ የእግር ብረት ተሠርቶልኝ መራመድ የጀመርኩት በ6 ዓመቴ። አሁን 31 ዓመቴ ነው፣ በሁለት ክራንች ነው የምሄደው፣ በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ግብር ይቆረጥብኛል፣ እቁብ እጥላለሁ፣ ታናሽ ወንድሜን ኮሌጅ የማስተምረው እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ የምዘረዝረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ሜክሲኮ የአየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ዘንቦ ማባራቱ ነው። የክራንቼ ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቶ ስለነበር እርጥብ አስፋልት ላይ እንዳያንሸራትተኝ ሁለቱንም ጥርቅም አድርጌ ይዣለሁ። ትከሻዬ ላይ ሰማያዊ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ አንገቴ ላይ ያላወለቅኩት የመሥሪያ ቤት ባጅ። አንድ ነጠላ የለበሱ እናት በሰልፉ ጎን እያለፉ እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ መቀነታቸውን ፈቱና 10 ብር አውጥተው ክራንቹን በያዝኩበት ጣቶቼ መሃል ከተቱልኝ። "አይዞሽ ልጄ፣ እሱ ይማርሽ" ብለውኝ ሄዱ።

በቃ ይሄው ነው የሆነው። ሰልፉ ሁሉ አየኝ። ልመልስላቸው እጄ አልተፈታም፣ ልጠራቸው ድምፄ አልወጣም። ብሩ እንዳይወድቅ በጣቴ ይዤው ታክሲ እስኪመጣ ቆምኩ። ውስጥ ገብቼ ረዳቱ "ሒሳብ" ሲለኝ ያን ብር መስጠት አቃተኝ፣ ከቦርሳዬ ሌላ አውጥቼ ከፈልኩ። እስከ አሁን ቦርሳዬ የጎን ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

የመጀመሪያዬ አይደለም። ደሴ ልጅ እያለሁ አራዳ ገበያ እናቴን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነጠላዬ ላይ ሳንቲም ይጣል ነበር፣ ዩኒቨርሲቲም በር ላይ ሆኖብኛል። ያኔ ግን ሁሌ ለራሴ "ስትማሪ ይቀራል፣ ሥራ ስትይዢ ይቀራል፣ ደህና ስትለብሺ ይቀራል" እያልኩ ነው ያለፍኩት። አሁን ተምሬያለሁ፣ ሥራ ይዣለሁ፣ ደህና ለብሻለሁ። ከዚህ በኋላ ምን ልጨምር? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏቸው ነበር?

ሚሚ_ከጎፋ
እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እኔም እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ። አንድ ሆስፒታል በር ላይ ዊልቸር ላይ ለተቀመጠ ሰውዬ 5 ብር ጭኑ ላይ ጣል አድርጌለት ላልፍ ስል ጠራኝና በሁለት እጁ ይዞ መለሰልኝ። "ባለቤቴን እየጠበቅኩ ነው፣ ወልዳለች" አለኝ። እንኳን ማርያም ማረቻት እንኳን ሳልለው ነው በድንጋጤ የሮጥኩት። እስከ ዛሬ ያ ያመኛል፣ ልጅ የተወለደለት አባት ነው እኮ።

ነጭ_በትር
እህቴ፣ ጽሑፍሽን ስልኬ አንብቦልኝ ሁለቴ ሰማሁት። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፣ ከዚያ ሕግ አጥንቼ ጥብቅና ከጀመርኩ 9 ዓመት ሆነኝ። ፍርድ ቤት ደጃፍ ሱፍና ክራቫት አድርጌ ደንበኛዬን ስጠብቅ ሳንቲም ተሰጥቶኛል፣ ስለዚህ "ደህና ብለብስ ይቀራል" የሚለውን ተይው፣ ልብስ አይደለም የሚያዩት።

እኔን ግን ከሳንቲሙ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጓደኛዬ ጋር ምሳ ልንበላ እንገባለን፣ አስተናጋጁ ለጓደኛዬ "እሱ ምን ይበላል?" ይለዋል። እዚያው ተቀምጬ! ጆሮዬም አፌም ደህና ነው። ሐኪም ቤትም ያው ነው፣ "የት ጋ ነው የሚያመው?" ብለው የሚጠይቁት ይዞኝ የመጣውን ሰው ነው።

ባንኩን ልንገራችሁ። ደንበኞቼ በሚሊዮን የሚቆጠር ንብረት ሲሸጡ ሲገዙ ውሉን የማዘጋጅላቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ከገዛ ሒሳቤ 2,000 ብር ላወጣ ስሄድ "ምስክር ይዘህ ና" ተባልኩ። ማንን ላምጣ? በመጨረሻ በር ላይ የሚፈትሸው የጥበቃ ሠራተኛ ተጠርቶ መጥቶ ምስክር ሆነልኝ። የማያውቀኝ ሰው ገንዘቤን ቁጭ ብሎ ሲቆጠር አየ፣ እኔ ለራሴ ገንዘብ አልታመንኩም እሱ ግን ታመነ።

ይሄ ነገር ሥር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ላይ፣ ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የፈረመው ወይም ጣቱን ያሳረፈበት ነገር በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ሲጻፍ እንዳንታለል ተብሎ ይሆናል፣ ያኔ ድምፅ የሚያነብ ስልክ አልነበረም። ግን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያቺን አንቀጽ ይዞ "ዓይነ ስውር ብቻውን አይፈርምም" ብሎ ተረጎማት፣ ሒሳብ ለመክፈትም፣ ለኤቲኤም ካርድም። ሀገራችን ደግሞ በ2002 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፣ አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኛ የገንዘብ ጉዳዩን ራሱ የመምራት እኩል መብት አለው ነው የሚለው። ለባንኩ ሥራ አስኪያጅ ይሄን አስረዳሁት። በትህትና አዳመጠኝ እና "ምስክሩ ግን ያስፈልጋል" አለኝ።

ስለ ጥያቄሽ፦ እኔ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ እናቴ፣ ሠርቼ ነው የምበላው፣ ለሚቸገር ይስጡት" እላለሁ፣ ጮክ ብዬ ነው የምለው በዙሪያው ያለው ሁሉ እንዲሰማ። አንዳንዱ ይቀየመኛል።

አቤል_ዘልደታ
ስሜትሽ ይገባኛል እህቴ፣ ግን አንድ ነገር ልበል። እኚህ እናት ሀብታም አይደሉም፣ ከመቀነታቸው ነው የፈቱት፣ ምናልባት የዳቦ ብር ነው ከራሳቸው ቀንሰው የሰጡሽ። ምጽዋት ሃይማኖታችን ነው፣ ባህላችን ነው፣ ሙስሊሙም ሰደቃ አለው። በዚህ ዘመን አላፊ አግዳሚው ፊቱን አዙሮ በሚያልፍበት ከተማ ቆመው አይዞሽ ያሉ ሰው እንዴት እንደ በደለኛ ይቆጠራሉ? ጥላቻ ሌላ ነገር ነው፣ ይሄ ፍቅር ነው። ሰው ከመስጠት ከፈራ ነገ እውነት የተቸገረው ነው የሚጎዳው ብዬ ነው።

የደሴዋ_ልጅ
ወንድሜ አቤል፣ በጨዋ አማርኛ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። እኚያን እናት አልጠላኋቸውም፣ በደለኛም አላልኩም፣ እንደውም ከተለዩኝ በኋላ የሚያሳስበኝ የሳቸው 10 ብር ነው። ግን እስቲ አብረን እንየው። ከፊቴ 20 ሰው ቆሟል፣ ከኋላዬም እንደዛው። ከዚያ ሁሉ ሰው ውስጥ ምናልባት የታክሲ የጎደለበት፣ ቤት ኪራይ የጨነቀው፣ ጠዋት ቁርስ ያልበላ ይኖራል። እሳቸው ግን ማንንም ሳይጠይቁ እኔን መረጡ። ቦርሳዬንና ባጄን አላዩም፣ ክራንቹን ብቻ ነው ያዩት። ክራንች ያየ ሰው ልመናን ካየ በኋላ ሥራ ልቀጠር ስሄድም ያን ነው የሚያየው፣ ቤት ልከራይ ስሄድም።

ቤት ስል ትዝ አለኝ። ዓምና የምከራየው ቤት ሳፈላልግ አንዲት አከራይ በስልክ ተስማምተን፣ ዋጋ ጨርሰን፣ እኔ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ። "ልጄ ደረጃው ያስቸግርሻል" አሉኝ። ሁለት ደረጃ ነው ያለው። እችላለሁ ስላቸው "አይ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ በኔ ቤት..." ብለው ተዉት። እሳቸውም አዝነውልኝ ነው እኮ። ሲያዝኑልኝ ቤት አጣሁ፣ ገባህ የምልህ? እኔ ከሰው የምፈልገው መጀመሪያ እንዲጠይቀኝ ነው። "ልጄ ልርዳሽ?" ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ያን ዕለት በእውነት እርዳታ ያስፈልገኝ ነበር፣ ጎማው አልቆብኝ ታክሲው ላይ ስወጣ ሊጥለኝ ነበር፣ ክንዴን ቢደግፉኝ በደስታ ነበር የምይዛቸው።

የዘነበወርቅ_ልጅ
እኔ ምንም የአካል ጉዳት የለብኝም። ግን ዘነበወርቅ፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ያለበት ሰፈር ነው የተወለድኩት፣ አባቴም እናቴም በሥጋ ደዌ ተይዘው ከጎጃም ለሕክምና የመጡ ናቸው፣ እዚያው ተገናኝተው እዚያው ተጋቡ። ድነዋል። ልድገመው፣ እኔ ሳልወለድ በፊት ነው የዳኑት። ግን አባቴ ጣቶቹ ስላጠሩና እናቴ አንድ እግሯ ስለተጎዳ ለሰው ዛሬም በሽተኛ ናቸው።

ሀገራቸው ለምን አልተመለሱም የሚል ካለ፣ አባቴ አንድ ጊዜ ተመልሷል። ድግስ ላይ ለብቻው ዕቃ ነው የቀረበለት፣ ወንድሙ ቤት። በነጋታው መኪና ተሳፈረ። በኛ ሰፈር እንደሱ ያልሆነ ሽማግሌ የለም፣ ሰፈሩ ራሱ እንደዚያ ነው የተቆረቆረው፣ ሊታከም የመጣ ሰው ዘመዱ አልቀበል ሲለው ሆስፒታሉ ጥግ ጎጆ ቀልሶ ቀረ።

ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት "ሰፈርሽ የት ነው" ስባል "አየር ጤና" ነበር የምለው። ቅድም "አየር ጤና ታክሲ" ስትዪ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። ታክሲ ውስጥ "ዘነበወርቅ ወራጅ" ለማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ ስንት ጊዜ ተመልሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምወደው ልጅ ነበር፣ አራት ዓመት አብረን ቆየን፣ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ከመላካቸው በፊት ዘር ሲያጠኑ አወቁ። አልቀረም እሱም፣ ሄደ።

"ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል" የሚለውን ተረት መምህር ክፍል ውስጥ ለምሳሌ ብሎ ሲናገረው ሰምቻለሁ፣ ተማሪው ሳቀ፣ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ይፈተፍታል ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ ከኛ ጋ ከአንድ ትሪ ይበላል ማለት ነው። ይሄን የሚያህል ጭካኔ እኮ ነው በአንድ መስመር የምንናገረው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፦ ሥጋ ደዌ በዘር አይተላለፍም፣ እርግማን አይደለም፣ ባክቴሪያ ነው። መድኃኒቱ በነፃ ነው የሚሰጠው፣ እንደ ደረጃው 6 ወር ወይም 1 ዓመት ነው የሚወሰደው፣ ከጀመሩት ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ሰው መተላለፉ ይቆማል። ቶሎ የታከመ ሰው ጣቱም ምኑም አይጎዳም። ሰው የሚጎዳው እንዳይታወቅበት ፈርቶ ነጭ ጠባሳውን በልብስ ሸፍኖ ሲቀመጥ ነው። እናቴ ሦስት ዓመት ነው የሸፈነችው።

ሚሚ_ከጎፋ
ያንን ተረት እኔም እላለሁ። ማለቴ እል ነበር።

እናት_ከአያት
ስለ መሸፈን ካነሳችሁ እኔም ልናገር፣ እስከ ዛሬ በማንም ፊት ጽፌ አላውቅም።

ልጄ 9 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ ቃል አያወጣም ግን ሁሉ ነገር ይገባዋል። እስከ 4 ዓመቱ ደብቄዋለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ጓዳ አስገብቼ ስልክ እሰጠው ነበር። ለምን ካላችሁኝ የባለቤቴ እናት "በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ብለው አንድ ቀን በቡና ላይ ተናገሩ፣ ከዚያ ወዲህ ቡና የጠራኝ ሁሉ ያንን ሊመረምር የጠራኝ እየመሰለኝ። በሰባት ፀበል አዙሬዋለሁ። አንዱ ቦታ ላይ ጋኔን ነው ተብሎ ሲገረፍ ነጥቄ ይዤው ወጣሁ፣ ያን ቀን ነው የነቃሁት።

ታክሲ ውስጥ ጆሮውን ይዞ ሲጮህ "ቅጪው እንጂ፣ አሞላቅቀሽው ነው" ይሉኛል። አንድ ሰውዬ "እናቲቱ ምን ሠርታ ይሆን" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የረዱኝ ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው፣ በአካል አግኝቻቸው ሳይሆን ሲናገሩ በቴሌቪዥን አይቻቸው። የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጥተው ኒያ ፋውንዴሽንንና ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ያቋቋሙ እናት ነበሩ፣ ኦቲዝም የሚለውን ቃል እኔ ከሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። አንድ እናት ልጇን ሳትደብቅ ሳይ ተንፈስ አልኩ።

አንድ ነገር ሁሌ አስባለሁ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ልጃገረድ ነበርኩ፣ ቆጣሪዋ ጎረቤታችን ቤት ስትገባ አብሬያት ነበርኩ። "ስንት ልጅ አላችሁ?" ስትል እናትየዋ "አራት" አሏት። አምስት ናቸው እኮ! አምስተኛዋ ጓዳ ያለች አካል ጉዳተኛ ልጅ ነበረች፣ ስትስቅ ድምጿ እኛ ቤት ይሰማ ነበር። ያ ቆጠራ አካል ጉዳተኛው ከሕዝቡ 1 በመቶ አካባቢ ነው አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በፈረንጆቹ 2011 ባወጡት ሪፖርት ላይ ግን የኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ነው። አለካኩ ይለያያል አውቃለሁ፣ ግን እኔ ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ያቺ "አራት" የምትለዋ መልስ ናት የምትሰማኝ።

አሁን አልደብቀውም። እሁድ እሁድ ይዤው ሰፈር ውስጥ እንዞራለን። ስሙን የሚጠሩ ሦስት የሱቅ ባለቤቶች አሉ።

ረዳት_ነበርኩ
ሰላም፣ እኔ 6 ዓመት በታክሲ ረዳትነት ሠርቻለሁ አሁን ሌላ ሥራ ነው ያለሁት። እውነቱን ልናገር ካልኩ ክራንች ወይም ዊልቸር የያዘ ሰው ሰልፍ ላይ ሲታይ ሹፌሩ "እለፈው" ይል ነበር። ምክንያቱ ገንዘብ ነው፣ ለመኪናው ባለቤት የቀን ገቢ አለ፣ ፒክ ሰዓት ላይ እስኪወጣ የሚጠፋው ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው ይላል፣ ዊልቸሩ የሰው ወንበር ይይዛል፣ ሂድ እንግዲህ ከኋላ ጫን። ግን እውነት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ አውቃለሁ፣ ከባድ ማዳበሪያ የያዘ ነጋዴ እንጭን የለ ከዛ በላይ ጊዜ ይወስዳል እሱ ግን ለጆንያው ይከፍላል።

አንዴ አንድ ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ የሁለት ሰው ሒሳብ እከፍላለሁ አለኝና ጫንኩት፣ የሁለት ሰው ተቀበልኩት። በየቀኑ ማለት ነው ሥራ ሲሄድ ሲመለስ ድብል ይከፍል ነበር፣ እኔ ደግሞ እንደ ውለታ ነበር የማስበው። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሰው ገንዘብ ነው የበላሁት። ሌላ ምንም ማለት አልችልም።

የደሴዋ_ልጅ
ወንድሜ ስለተናገርከው ክበርልኝ። ድብል መክፈሉን እኔም አውቀዋለሁ፣ የኔ ግን በራይድ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ታክሲ መጋፋት ስለማልችል ኮንትራት ነው የምይዘው፣ የደሞዜ ስንት እጅ እዚያ እንደሚሄድ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና አስልቼዋለሁ፣ ቁጥሩን ባልጽፈው ይሻላል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ታናሽ ወንድሜ ዊልቸር ነው የሚጠቀመው፣ እዚህ ከመጣ 5 ዓመቱ። የመጀመሪያ ቀን አውቶቡስ ስንጠብቅ ሹፌሯ ቆመች፣ ራምፑ፣ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መወጣጫ፣ ወረደ፣ ፊት የተቀመጡት ሰዎች ማንም ሳይናገራቸው ተነሥተው ወንበሩ ታጠፈ፣ እሷ ዊልቸሩን በቀበቶ አሰረችና ነዳችው። ማንም አላየውም! "አይዞህ" ያለው የለም። ወንድሜ ወደ መስኮት ዞሮ ሲያለቅስ አየሁት። እዚህ ሰዉ ደግ ስለሆነ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1990 የወጣ ሕግ አላቸው፣ እሱም ቢሆን አካል ጉዳተኞች ራሳቸው የምክር ቤቱን ደረጃ በደረታቸው እየተሳቡ ወጥተው የታገሉለት ነው።

ግን ስሙኝ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ስንሄድ የኛው ሰው ነው፣ ኢንጂነር ነው፣ ነርስ ነው፣ 20 ዓመት እዚህ የኖረ ነው፣ መጥቶ ራሱን ይዳብሰዋል። ልጁ 26 ዓመቱ ነው። አንዷ እናት እጁ ላይ 20 ዶላር አስይዘውት ያውቃሉ። ስለዚህ እሱ አውቶቡሱን ይወዳል፣ ቤተክርስቲያን መሄድ ግን እየቀነሰ ነው፣ እምነቱን ትቶ ሳይሆን መዳበሱ ሰልችቶት።

ፈጣን_እግር
እኔ ደግሞ ጥሩ ጥሩውንም እናንሳ ባይ ነኝ። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1,500 ሜትር ለሀገራችን የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታለች፣ ፓሪስ ላይም ደግማዋለች፣ ያየሽ ጌቴም እዚያው ፓሪስ ወርቅ ወስዳለች። የትነበርሽ ንጉሤ ዓይነ ስውር ሆና ሕግ ተምራ "አማራጭ ኖቤል" የሚባለውን ሽልማት ተሸልማለች። አንቺም እህቴ እንዲህ ሆነሽ ተምረሽ ሠርተሽ ወንድምሽን ማስተማርሽ ጀግና ነሽ! ሰው ምንም ቢልሽ ጆሮ አትስጪ፣ ከእነሱ ጋር ነው ስምሽ መጠራት ያለበት።

የደሴዋ_ልጅ
ወንድሜ ልብህን አየሁት፣ ለትዕግስትም ለያየሽም እኔም እልል ብያለሁ፣ ቢሮ ሆኜ ነው ሩጫውን ያየሁት። ግን "እንዲህ ሆነሽ" የምትለዋን ቃል ተመልከትልኝ እስቲ። ቢሮዬ ውስጥ ከኔ ጋር ስድስት ሒሳብ ሠራተኞች አሉ፣ እነሱን "ጀግና" ያላቸው የለም፣ ሥራቸውን ሠርተው ይሄዳሉ፣ ሲሳሳቱ ይቆጧቸዋል። እኔ ስሳሳት አለቃዬ ዝም ብሎ ራሱ ያርመዋል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በኋላ የእድገት ማስታወቂያ ሲወጣ ስሜ የለም፣ ብጠይቀው "አንቺን እንዳላጨናንቅሽ ብዬ ነው" አለኝ።

ሰው ሲያየኝ ወይ ለማኝ ነኝ ወይ ጀግና ነኝ። በመሃል ያለው ቦታ ነው የጠፋኝ፣ ተራ ሰው የሚቆምበት። የትነበርሽን ግን በማንሳትህ ደስ ብሎኛል፣ እሷ ራሷ ዓይኗን ባታጣ ኖሮ በልጅነቷ ይድሯት እንደነበር ስትናገር ሰምቻለሁ፣ ያን ስሰማ እናቴ "አንቺን ማን ያገባሻል፣ ተማሪ" እያለች የላከችኝ ነው የመጣብኝ። ትምህርቴ የጀመረው ከዚያ ተስፋ መቁረጥ ነው።

ንድፍ_ሠሪ
አርክቴክት ነኝ፣ በኛ በኩል ያለውን ጥፋት ልናገር። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን ብሏል። ስለዚህ ንድፉ ላይ ራምፕ እንሥላለን፣ ፈቃድ ይወጣል። መደበኛው 1 ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል ነው፣ ሜዳው ላይ ግን ባለንብረቱ ቦታ አጣብቦ 3 ሜትር ላይ ይሠራዋል፣ ያ ራምፕ አይባልም፣ ዊልቸር ወደ ኋላ ይገለብጣል። ከዚያ ጫፉ ላይ ሞተር ሳይክል እንዳይወጣ ብለው ሰንሰለት ያስሩበታል። ሊፍቱ ከምድር ቤት ሳይሆን ከአንደኛ ፎቅ የሚጀምር ሕንፃ ገብቼ አውቃለሁ፣ ወደ ሊፍቱ ለመድረስ 14 ደረጃ። እኔም ወጣት ሳለሁ "ለጊዜው እንዲህ ይሁን" ብዬ ፈርሜ ያለፍኩት ሥራ አለ፣ በዚያ መንገድ ሳልፍ ፊቴን ነው የማዞረው። አሁን ካልተስተካከለ አልፈርምም፣ ሁለት ደንበኛ ሄዶብኛል።

ዝምተኛው_ባል
ባለቤቴ መስማት የተሳናት ናት። መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነው የተማረችው፣ የምልክት ቋንቋ እኔም ከሷ ተማርኩ። የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ማዋለጃ ክፍል አላስገባ አሉኝ። ነርሶቹ ማስክ አድርገዋል፣ ከንፈር ማንበብ አልቻለችም፣ "ግፊ" ይሉ ይሁን "አትግፊ" አታውቅም። አንዷ ጆሮዋ ሥር ትጮኽ ነበር፣ ሌላዋ "ይቺ ደንቆሮ" ስትል እኔ በሩ ውጪ ሆኜ ሰማኋት። ባለቤቴ አልሰማችውም፣ ግን ፊቷን አይታ አውቃለች፣ ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ እሱን ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እኮ በምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስመርቃል፣ ሰው አለ። አንድ ሆስፒታል አንድ አስተርጓሚ ቢቀጥር ምናለ? ሁለተኛውን ልጅ ቤት ልውለድ ብላ አስጨንቃኝ ነበር።

አቤል_ዘልደታ
ሁሉንም አነበብኩ። ትናንት የጻፍኩትን አላጠፋውም፣ ምጽዋት መልካም ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። ግን ሳልጠይቅ መስጠቴን አስቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ልደታ በር ላይ አንድ ዓይነ ስውር ሰውዬ ቆሞ አየሁ፣ እጄ ኪሴ ገብቶ ነበር፣ አወጣሁትና "ወንድም፣ ልርዳህ?" አልኩት። "መንገዱን አሻግረኝ፣ ቦዩ ክዳኑ ተነሥቷል" አለኝ። ክንዱን ልይዘው ስል "እኔ ልያዝህ" ብሎ ክንዴን ያዘ።

ነጭ_በትር
ልክ ነው፣ እኛ ነን የምንይዘው። ስትይዘን ስትገፋን ሚዛናችንን ታስተናለህ፣ ክንድህን ከያዝን ግን እርምጃህ ይነግረናል፣ ደረጃ ሲሆን ከፍ ትላለህ፣ ሲወርድ ዝቅ። የዚያ ቦይ ነገር የት ጋ እንደሆነ በደንብ ጻፍልኝ፣ በዚያ በኩል ነው ፍርድ ቤት የምሄደው።

የዘነበወርቅ_ልጅ
የደሴዋ፣ ቅድም ጎማው አልቆብኛል ያልሽው ተቀየረ?

የደሴዋ_ልጅ
አልተቀየረም። ኮብልስቶኑ በሁለት ወር ነው የሚጨርሰው፣ ሁለት ቦታ ጠይቄ የኔ ልክ የለም አሉኝ፣ ለጊዜው ከሞተር ከመነዳሪ ቆርጬ በሽቦ አስሬዋለሁ።

የዘነበወርቅ_ልጅ
እናቴ ለክራንቿ የምታስመጣበት ሰው ሰፈራችን አለ፣ ቤት አራት ፍሬ ትርፍ አለን። ስፋቱን በማስመሪያ ለክተሽ ጻፊልኝ። ሐሙስ በዚያው ሰዓት ሜክሲኮ ሰልፉ ጋ እመጣለሁ፣ በምን ልለይሽ?

የደሴዋ_ልጅ
ለካሁት፣ 22 ሚሊ ሜትር ነው። ዋጋውን ንገሪኝ ይዤ እመጣለሁ፣ ሳልከፍል አልወስድም። ሰማያዊ የላፕቶፕ ቦርሳ ነው የምይዘው።